በአንድ ከፍታ ሁለት ፍሰት? በትንሽ ወንዝ ላይ ፍሰትና ደለል ስለመለካት

ገባር16፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ታቦር በታች ወደ ጉማራ ከሚገቡት ትናንሽ ወንዞች በአንዱ ላይ ከግንቦት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፍሰትና ደለል እየተለካ ነው። ተፋሰሱ 18 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ውሃው እስከ 30 ሊትር በሰከንድ ይወርዳል፤ በክረምት ደራሽ ሲመጣ ከ2 ሜትር በላይ ይሞላል።

ያለው ዕቃ፦ በአንግል ብረት ላይ የታሰሩ ሦስት ባለ 1 ሜትር ስታፍ ጌጆች (የውሃ ከፍታ የሚነበብባቸው ባለ ምልክት ሰሌዳዎች)፣ በብረት ቱቦ ውስጥ የተንጠለጠለና በየ10 ደቂቃው የሚመዘግብ የግፊት ሎገር (የውሃውን ከፍታ ከግፊቱ የሚያወጣ መዝጋቢ፤ የአየር መተንፈሻ ቱቦ የሌለው ዓይነት)፣ አንድ ኮንዳክቲቪቲ ሜትር (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን የሚለካ)። ጌጅ አንባቢው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ያነባል። ካረንት ሜትር (የውሃ ፍጥነት መለኪያ) የለም፤ ፍሰቱ የሚለካው በተንሳፋፊ ነው።

ሦስት ነገር አልገጥም ብሏል።

አንደኛ፣ ስታፍ ጌጁ 0.34 ሜትር ላይ ሆኖ ሐምሌ 22 የተለካው ፍሰት 0.41 ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው። ጥቅምት 10 በዚያው 0.34 ላይ 0.26 ወጣ። ተንሳፋፊው 10 ሜትር ለመሄድ በሐምሌ በአማካይ 27 ሰከንድ፣ በጥቅምት 43 ሰከንድ ፈጀ። ወርዱ በጥልቀቱ ሲባዛ 1.3 ካሬ ሜትር ነው፤ የላይ ላዩን ፍጥነት ወደ አማካይ የሚቀይረው ማባዣ 0.85።

ሁለተኛ፣ የአንባቢው ደብተር «ሐምሌ 14 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ደራሽ፣ 1.90» ይላል። ሎገሩ ግን ያንኑ ጎርፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 21፣ 23፡10 ላይ ነው የመዘገበው። በኤክሴል ሲገለበጥ የ21 ሰዓት ልዩነት መጣ። ከዚህ ሌላ ሎገሩ ዝናብ በሌለበት ሰሞን እንኳ በየቀኑ የ3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ከፍታው 0.80 ሲሆን ሐምሌ 9 የተቀዳው ናሙና 14 ግራም በሊትር ደለል አለው፤ ነሐሴ 28 በዚያው 0.80 ላይ 3 ግራም ብቻ። የላቦራቶሪ ስህተት ነው?


አለት_ላይ፦

ስለ አንደኛው ልናገር። ከመልሱ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የጥቅምቱ 1.3 ካሬ ሜትር እንደገና ተለክቶ ነው ወይስ ከሐምሌው ቅጽ የተገለበጠ? ይህን የምጠይቀው ሁለቱ መልሶች ወደተለያየ ቦታ ስለሚወስዱ ነው።

ተገልብጦ ከሆነ ክረምቱ የወንዙን ወለል ቆፍሮት ወይም ጠጠር ሞልቶት ሊሆን ስለሚችል 0.26ቱ ራሱ አይታመንም። ተለክቶ ያው 1.3 ከሆነ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፦ ከፍታው ያው፣ ስፋቱ (ካሬ ሜትሩ) ያው፣ ፍጥነቱ ብቻ ከ0.37 ወደ 0.23 ሜትር በሰከንድ ወርዷል። ይህ ማለት ከጌጁ በታች አንድ ነገር ውሃውን ወደ ኋላ እየገፋው ነው። በጥቅምት ወር ደግሞ በዚያ አካባቢ ምን እንደሚሠራ ይታወቃል፤ ዝናቡ ሲያቆም ገበሬው በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በሣር ድልድል ክትር ሠርቶ ውሃውን ወደ መስኖ ቦይ ይጠልፋል። ከጌጁ በታች 100 ሜትር ያህል በእግር ወርዳችሁ እዩ።

ሲሞላና ሲጎድል ፍሰቱ በአንድ ከፍታ ላይ ይለያያል የሚለውን ማብራሪያ አንድ ሰው እንደሚያነሳ እገምታለሁ። እውነት ነው፣ ግን እሱ በዝግታ በሚሞሉ ሜዳማ ወንዞች ላይ ነው የሚጎላው፤ ለምሳሌ ፎገራ ሜዳ ላይ። እንደዚህ ባለ ቁልቁለታማ ወንዝ ላይ በዚያ ብቻ የ0.15 ልዩነት አይመጣም።

ጌጁን ራሱ የሚገዛው ከሥሩ ያለው ወለል ሳይሆን ከበታቹ ውሃው ተንጠልጥሎ የሚወርድበት ቦታ ነው። ያ ቦታ የማይንቀሳቀስ አለት ከሆነ የከፍታና የፍሰት ኩርባችሁ (ከጌጁ ንባብ ፍሰቱን የምታወጡበት መስመር) ለዓመታት ይቆያል። ጠጠር ከሆነ ከእያንዳንዱ ትልቅ ደራሽ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ክትር ከሆነ ደግሞ ኩርባው የገበሬው እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ሄዳችሁ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቁልቁል የሚወርድ አለታማ ደረጃ ፈልጉ፣ ጌጁን ከደረጃው ጥቂት ሜትር በላይ፣ ውሃው በሚረጋበት በኩል ትከሉት።

ሁለት ነገር ልጨምር። የጌጁን ዜሮ ከአለት ላይ ከተቸነከረ ቤንችማርክ (ቋሚ የከፍታ ምልክት) ጋር በሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ) አስሩት፤ ቢቻል ሁለት ቤንችማርክ ይኑር፣ አንዱ ከጎርፍ በላይ። ከክረምት በፊትና በኋላ ደግማችሁ አንብቡ። ደራሽ የሚያንከባልለው ድንጋይ አንግል ብረቱን 2 ሳንቲ ሜትር ቢያዘነብለው በዓይን አይታይም፣ በበጋ ፍሰት ላይ ግን ግማሹን ይበላል። ሌላው፣ ውሃ የሚያቆምበትን ከፍታ ለኩ፦ በአለቱ ደረጃ ላይ በጣም ጥልቅ የሆነውን ነጥብ በማስመሪያ ለክታችሁ ከጌጁ ንባብ ቀንሱ። ጌጁ 0.34፣ ጥልቁ ነጥብ 0.16 ከሆነ ዜሮ ፍሰት 0.18 ላይ ነው። ኩርባው የሚሠራው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ በጥሬው ንባብ ላይ ቢሠራ የታችኛው ጫፍ የማይሆን ነገር ያወጣል።

ስንት ልኬት ይበቃል ለሚለው፣ ለመጀመሪያው ዓመት ከ12 እስከ 15፣ ቢያንስ ሲሶው ከፍ ባለ ውሃ ላይ። ከለካችሁት ትልቁ ፍሰት እጥፍ በላይ ኩርባውን አትለጥጡት።


ጨው_በባልዲ፦

0.85 እዚህ ወንዝ ላይ ከየት መጣ? ያ ማባዣ ለጥልቅና ለስላሳ ወለል ነው። አማካይ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ፣ ድንጋይ በሞላበት ወንዝ ላይ ከ0.6 እስከ 0.7 ይቀርባል። እንዲያውም የሐምሌው 0.41 ራሱ ወደ 0.32 ሊወርድ ይችላል። ማባዣው የሁለቱን ወራት ልዩነት አያስታርቅም፤ ሁለቱንም እኩል ነው የሚቀንሰው።

ኮንዳክቲቪቲ ሜትር እያላችሁ በተንሳፋፊ መለካት ይገርማል። ከ2 ሜትር ኩብ በሰከንድ በታች ላለ የሚናወጥ ወንዝ ጨው የተሻለ ነው፤ ወርድም ጥልቀትም መለካት አያስፈልግም። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ጨውን ደረቅ አድርጋችሁ በሚዛን መዝኑ። በግምት ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ኩብ በሰከንድ 2 ኪሎ ይበቃል፤ ለእናንተ የጥቅምት ውሃ 1 ኪሎ ከበቂ በላይ ነው። ክረምት ላይ ከገበያ የተገዛ ጨው እርጥበት ጠጥቶ ስለሚመጣ በብረት ምጣድ አድርቃችሁ ካልመዘናችሁት 1 ኪሎ ያላችሁት 1 ኪሎ አይደለም። 6 ሊትር ያህል የወንዝ ውሃ ባለው ባልዲ ውስጥ አሟሙት፤ ከሥር ምንም ጥሬ እንዳይቀር። ከዚያ በአንድ ጊዜ መሃል ወንዝ ላይ ድፉት፤ ባልዲውን ግን ከታች ሜትሩ ባለበት አትለቅልቁት።

ሜትሩ ከተደፋበት ቢያንስ የወርዱን 25 እጥፍ ያህል ይራቅ፤ 6 ሜትር ወርድ ካለው 150 ሜትር። በመካከል ቦይ፣ ምንጭ ወይም ክትር አይኑር። ክትር ያቆመው ኩሬ ጨዉን ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቀው ጭራው አያልቅም። በደንብ መቀላቀሉን ለማወቅ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ ዳር ለኩ፤ ከ5 በመቶ በላይ ከተለያዩ ርቀቱን ጨምሩ።

ከመደፋቱ በፊት ያለውን ንባብ መዝግቡ፣ ከዚያ በየ5 ሰከንዱ፣ ወደ መነሻው እስኪመለስ። ሜትሩ ወደ 25 ዲግሪ የሚያስተካክለው ሁነታ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። እያንዳንዱ ንባብ ከመነሻው የበለጠበትን ደምሩና በ5 አባዙ። ምሳሌ፦ የጭማሪዎቹ ድምር 1,400 ማይክሮ ሲመንስ በሳንቲ ሜትር (ሜትሩ የሚያነበው አሃድ) ከሆነ በ5 ሲባዛ 7,000 ይሆናል። 1 ማይክሮ ሲመንስ ጭማሪ በግምት 0.5 ሚሊ ግራም ጨው በሊትር ስለሆነ 3,500 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 3.5 ግራም። 1,000 ግራም ለ3.5 ሲካፈል 286 ሊትር በሰከንድ።

0.5ቱን እንዳለ አትቀበሉት፣ በራሳችሁ ውሃ ፈትሹት። 10 ግራም ጨው በ1 ሊትር የወንዝ ውሃ አሟሙ። ከዚያ ሌላ 1 ሊትር የወንዝ ውሃ አዘጋጅታችሁ ከመጀመሪያው 1 ሚሊ ሊትር እየጨመራችሁ አንብቡ። እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም በሊትር ስለሚጨምር ንባቡ በግምት በ20 ማይክሮ ሲመንስ መውጣት አለበት። አምስት ጊዜ ጨምራችሁ መስመር ካልሆነ ሜትሩ ወይም ሲሪንጁ ችግር አለበት።

ለደራሹ ጨው አይሆንም፣ ሰውም ውሃ ውስጥ አይግባ። ጥልቀቱ በሜትር፣ ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ ተባዝተው 0.9 ከደረሱ ሰው አይቆምም። ያን ጊዜ ከዳር ሆኖ ተንሳፋፊ፤ ግማሹ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም ብርቱካን ይሆናል። አሥር ያህሉን በወርዱ ሁሉ በትኑ፣ መሃል ላይ ብቻ አይሁን፤ መሃሉ ፈጣን ስለሆነ ያጋንናል። ውሃው ሲጎድል ደግሞ በሣሩ ላይ የቀረውን የጎርፍ ምልክት በሌቭል ያዙ።


ገባር16፦

አመሰግናለሁ። የጥቅምቱ ስፋት ተለክቶ ነው፣ 1.32። ክትሩም ተገኘ፤ ከጌጁ 60 ሜትር ዝቅ ብሎ። አለታማ ደረጃ ወደ ላይ 200 ሜትር ላይ አለ። ጌጁን እስክናዛውር ድረስ ያለውን ውሂብ ምን እናድርገው? ገበሬዎቹን ክትሩን አፍርሱ ማለት አይቻልም።


አለት_ላይ፦

አይባልም፣ አያስፈልግምም። ከውሃ አባቱ (የመስኖ ውሃውን ከሚያከፋፍለው ሰው) ጋር ተነጋግራችሁ ክትሩ የተሠራበትንና በመጀመሪያው ደራሽ የፈረሰበትን ቀን ብቻ ያዙ። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ውሂብ በሌላ ኩርባ ይቀየራል፤ ለክትሩ ወራት የራሱን አምስት ስድስት ልኬት በጨው ሠርታችሁ። ክትሩ በየሳምንቱ እየታደሰ ከፍ ስለሚል ያ ኩርባ ልል ይሆናል፤ በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ለዩት። አዲሱን ጌጅ ስትተክሉ አሮጌውን ወዲያው አትንቀሉ። አንድ ክረምት ጎን ለጎን ይነበቡ፣ አለዚያ የ2016ቱ ክረምት ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ድልድይ አይኖረውም። ደግሞ ከአዲሱ ጌጅ እስከ አሮጌው ድረስ የሚወጣ ቦይ ካለ ፍሰቱን ለብቻ ለኩ።


ከሌሊቱ_ስምንት፦

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ አንባቢውም ሎገሩም ትክክል ናቸው።

አንባቢው «ሐምሌ 14 ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ሲል የሐምሌ 14 ቀን ከመሸ በኋላ ያለውን ሌሊት ማለቱ ነው፤ ለእሱ ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ እንጂ እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም። ሐምሌ 14 ቀን 2016 ጁላይ 21 ነው፤ ስለዚህ ደራሹ የመጣው ጁላይ 22 በኢትዮጵያ ሰዓት 02፡00 ገደማ ነው። ሎገሩ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተሞላ ይመስላል፤ 23፡10 ላይ 3 ሰዓት ሲጨመር ጁላይ 22፣ 02፡10 ይሆናል። ገጠሙ። ኤክሴል ላይ የገለበጠው ሰው ጁላይ 21 02፡00 ብሎ ስለጻፈው ነው የ21 ሰዓት ልዩነት የመጣው። ሎገሩ በየትኛው ሰዓት እንደተሞላ ግን ሶፍትዌሩ ላይ ማየት ነው እንጂ በአንድ ጎርፍ መገጣጠም ብቻ አይፈረድም።

አንባቢው አቆጣጠሩን እንዲቀይር አታድርጉ። ልማዱን እንዲተው የተገደደ አንባቢ ግማሹን በአዲሱ፣ ግማሹን በድሮው ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያስተካክለውም። በደብተሩ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይጨመር። «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚል ዓምድ፤ ዝም ብሎ «12፡00» የተጻፈ ንባብ የጠዋቱ ይሁን የማታው አይታወቅም። ሌሊት ለሆነ ነገር ደግሞ «ለሐምሌ 15 አጥቢያ» ብሎ ይጻፍ፤ ይህን ለማንም ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፣ የሚያሳስትም አይደለም።

መገልበጡ በቢሮ፣ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ወጥመዱ ጳጉሜ ናት። የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ ከዚያ እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል፣ ከየካቲት 22 ጀምሮ ወደ ተለመደው ይመለሳል። «መስከረም 1 ሁሌም ሴፕቴምበር 11» ብሎ የተሠራ ቀመር በየአራት ዓመቱ አምስት ወር ተኩል ያህል ውሂብ በአንድ ቀን ያሳስታል። የዝናብ መለኪያ ካላችሁም ጠዋት 3 ሰዓት የሚነበበው ያለፈው 24 ሰዓት ዝናብ ነው። የዚያ ሌሊት ዝናብ ሐምሌ 15 ጠዋት ላይ ነው የሚገኘው፤ ከሐምሌ 14 ንባብ ጋር ቢነጻጸር ጎርፉ ያለ ዝናብ የመጣ ይመስላል።

የ3 ሳንቲ ሜትሩ ማዕበል ደግሞ ውሃ አይደለም፣ አየር ነው። መተንፈሻ ቱቦ የሌለው ሎገር የውሃውንና የአየሩን ግፊት ደምሮ ነው የሚያነበው። በእኛ ኬክሮስ የአየር ግፊት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ 3 ሄክቶ ፓስካል ያህል ነው፣ 1 ሄክቶ ፓስካል ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር ውሃ ነው። ሁለተኛ ሎገር በአየር ላይ፣ በጥላ ውስጥ ሰቅላችሁ ንባቡን ቀንሱ። የባሕር ጠለል ግፊት የሆነውን 1,013 የሚቀንስ ሶፍትዌር እንዳትጠቀሙ፤ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግፊቱ 795 አካባቢ ስለሆነ ከ2 ሜትር በላይ ያሳስታል። የአየሩ ሎገር ከተማ ውስጥ ቢሆንም ችግር የለውም፤ በከፍታ ምክንያት የሚመጣው ልዩነት ቋሚ ስለሆነ ከስታፍ ጌጁ ጋር ሲታረቅ ይወጣል።

መታረቅ የምለው ይህን ነው፦ ሎገሩ ጋ በተሄደ ቁጥር ስታፍ ጌጁ ተነቦ፣ ደቂቃው ተጽፎ ይያዝ፤ ሎገሩ ከመውጣቱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ። ልዩነቱ ቀስ እያለ ካደገ የሎገሩ ንባብ ተንሸራቷል ወይም ቱቦው ደለል ሞልቶታል። በአንድ ቀን ከዘለለ ገመዱ ተስቧል።

ጠዋትና ማታ ብቻ ማንበብ እንደዚህ ላለ ተፋሰስ አይበቃም። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጥላል፣ ደራሹ 11 ሰዓት ላይ መጥቶ 12 ሰዓት ላይ አልፏል። ሎገሩ ቢበላሽ እንኳ ከፍተኛው እንዳይጠፋ ርካሽ መያዣ አለ፦ ከሥሩ የተበሳሳ ባለ 2 ኢንች ቱቦ፣ በውስጡ የእንጨት ዘንግ፣ ከሥር የተፈጨ ቡሽ። ውሃው ሲወጣ ቡሹ ተንሳፍፎ ዘንጉ ላይ ይለጠፋል። አንባቢው ማግስቱን ለክቶ ይጠርገዋል። ቱቦው ከላይ የአየር ቀዳዳ ከሌለው ውሃው ወደ ውስጥ በደንብ አይወጣም፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሷ ናት።


ደለል፦

14 እና 3 ግራም፤ ላቦራቶሪውን አትውቀሱት። በደጋው ተፋሰሶች ላይ የሚጠበቀው ይኸው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ በተቋቋሙት በማይባር፣ በአንዲት ጥድና በአንጀኒ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎችም ደለሉ በክረምቱ መግቢያ በዝቶ ወደ መውጫው ይወርዳል። በሰኔና በሐምሌ ማሳው ለጤፍ ደጋግሞ ታርሶ ባዶ ነው፣ ትናንሽ ቦዮች እየተቆፈሩ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ሰብሉ መሬቱን ሸፍኗል፣ ቦዮቹ ቅርጻቸውን ይዘዋል፣ ከመሬት ውስጥ የሚወጣው የጠራ ውሃም ድፍርሱን ያቀጥነዋል።

ስለዚህ ለዓመቱ ሙሉ አንድ የፍሰትና የደለል ኩርባ አትሥሩ። 0.80 ላይ ፍሰቱ 3 ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው እንበል፦ በሐምሌ 42 ኪሎ በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 151 ቶን፤ በነሐሴ መጨረሻ 9 ኪሎ፣ በሰዓት 32 ቶን። አንድ ኩርባ በመሃላቸው ያልፍና ሁለቱንም ይስታል። ቢያንስ ሦስት ክፍል አድርጉት፦ እስከ ሐምሌ አጋማሽ፣ እስከ ነሐሴ አጋማሽ፣ ከዚያ በኋላ። ኩርባው በሎጋሪዝም ከተሠራ ወደ ግራም ሲመለስ ማስተካከያ ያስፈልገዋል፤ ሳይስተካከል የሚቀር ከሆነ ድምሩ ከእውነተኛው ያንሳል።

አቀዳዱ ላይ። ከዳር፣ ከላይ ላይ በጠርሙስ መቅዳት ሸክላውን ይይዛል፣ አሸዋውን ይስታል። ጠርሙሱን በዘንግ አስራችሁ አፉን ወደ ላይኛው ወንዝ አዙራችሁ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ በእኩል ፍጥነት አውርዱ፤ ወለሉን እንዳይነካ፣ ሞልቶ እንዳይፈስ። ሞልቶ የፈሰሰ ጠርሙስ ይደፋና እንደገና ይቀዳል፤ አሸዋው ውስጥ ቀርቶ ውሃው ብቻ ስለሚወጣ ናሙናው ያጋንናል። በአንድ ደራሽ ከ3 እስከ 5 ናሙና፣ ሁለቱ ሲሞላ ይሁኑ። ሲሞላ የሚመጣው ሲጎድል ከሚመጣው ይበልጥ ድፍርስ ነው፤ ብዙዎች የሚደርሱት ግን ሲጎድል ነው። ከፍታው፣ ሰዓቱና «ሲሞላ» ወይም «ሲጎድል» የሚለው በእርሳስ በወረቀት ተጽፎ በፕላስተር ይለጠፍ። ማርከር በእርጥብ ጠርሙስ ላይ እስከ ደብረ ታቦር አይደርስም።

ማጣሪያው በሸክላ ቶሎ ይደፈናል። ከ10 ግራም በላይ የሚመስል ናሙና ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ በደንብ በጥብጣችሁ ውሰዱ፣ በተመዘነ ሰሃን በ105 ዲግሪ አድርቁ፣ በማድረቂያ ማሰሮ ውስጥ አቀዝቅዛችሁ መዝኑ። በማድረቅ ስትሠሩ በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨውም አብሮ ይመዘናል፤ ለ14 ግራሙ ግድ የለውም፣ ለመስከረም ጠራ ውሃ ግን ግማሹ እሱ ሊሆን ስለሚችል የተጣራውን ውሃ ለብቻ አድርቃችሁ ቀንሱ። ደግሞ በጨው ፍሰት በምትለኩበት ቀን የደለል ናሙናው ጨው ከመደፋቱ በፊት ይቀዳ።


ገባር16፦

ሎገሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተሞላ ሆኖ ተገኝቷል። የጥቅምቱ ልኬት ከክትሩ በላይ፣ በአለቱ ደረጃ አጠገብ በ1 ኪሎ ጨው ተደግሞ 0.21 ወጣ። ግራና ቀኙ በ3 በመቶ ብቻ ነው የተለያዩት።


ጨው_በባልዲ፦

0.21 ለ1.32 ካሬ ሜትርና ለ0.23 ፍጥነት ሲካፈል ማባዣችሁ 0.69 ነው። ውሃው በሁለቱ ቀኖች እኩል ከነበረና በመካከል የሚወጣ ቦይ ከሌለ ለዚያ የወንዝ ቁርጥ (በተንሳፋፊ ለለካችሁበት ቦታ) በዝቅተኛ ውሃ እሱን ያዙ። የሐምሌዎቹን ግን በእሱ ጅምላ አታርሙ፤ ጥልቀቱ ሲጨምር ማባዣው ወደ 0.85 ይጠጋል። በሚቀጥለው ክረምት 0.5 እና 0.8 ሜትር አካባቢ በየከፍታው አንድ አንድ ጊዜ ጨውና ተንሳፋፊ በአንድ ሰዓት ውስጥ አብራችሁ ሥሩ።